የአፈር አምሮት

«ከእኔማ አትደብቂም» አሉ እትዬ ከድጃ፣ ራሳቸውን በአጥሩ ሽንቁር እንዳሾለኩ። «ሰባት ወልጄ ሰባቱንም ጊዜ ግድግዳ ስልስ የከረምኩ ሴት ነኝ። በሁሪያ ጊዜማ የጓዳውን ግድግዳ ጨርሼው ባልዬው እንደገና በጭቃ አስመርጎታል።»

በላይነሽ ከቤቷ ጀርባ ቆማለች። ከግድግዳው የፈለቀቀችው ጓል ግማሹ እጇ ላይ ነው፤ ግማሹ አፏ ውስጥ። ልትውጠው አፈረች፣ ልትተፋው ሳሳች።

«ኧረ እንዲያው… ጥርሴን አሞኝ ነው» አለች በመጨረሻ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጋርዳ።

«ጥርስሽን።» እትዬ ከድጃ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሁን። ጥርስሽ ታዲያ ስንተኛ ወሩን ያዘ?»

ይሄኔ ነው የገባት። ባሏ ደሳለኝ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ልጅ ሳያስታቅፋት ነው የሄደው። እሷም ከዚያ ወዲህ መርሳ ላይ አውቶቡስ የሚቆምበት ዳር ብርቱካን እየሸጠች፣ ወንድ የሚባል ፍጡር ደጇን ሳይረግጥ፣ አንገቷን ደፍታ የምትኖር ሴት ናት። አሁን ግን እትዬ ከድጃ በአጥር ሽንቁር አስረገዟት።

«አይደለም» ልትል አፏን ከፈተች። ግን «አይደለም» ብቻውን አይቆምም። ከኋላው «ታዲያ ምንድን ነው?» ይከተላል፤ እትዬ ከድጃ ደግሞ መልስ ሳይዙ ራሳቸውን ከአጥር የሚያወጡ ሰው አይደሉም። እውነተኛው መልስ ያለው ደግሞ ወልድያ ነው።

ጊዜው የሚሊኒየሙ በዓል ባለፈ በዓመቱ ነበር። በላይነሽ በየወሩ «የብርቱካን ዋጋ ልጠይቅ» እያለች ወልድያ ትወጣለች። የምትሄደው ግን ሆስፒታል ነው፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒቷን ልትቀበል። መርሳ ላይ ማንም አያውቅም። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ሳሉ ተዋት፣ ትኩሳቱ ሸሻት፣ የምግብ ፍላጎቷ ተመለሰ። ሰው ሆንኩ ብላ ገና ሳትደሰት ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ሳፋ ተሸክማ አሥር እርምጃ ስትራመድ ልቧ እንደ ወፍጮ ሞተር ይመታል። ከተቀመጠችበት ስትነሳ ዓይኗ ይጨልማል። ጆሮዋ ውስጥ ፌንጣ ገብቶ ይጮሃል። ከሁሉ የገረማት ግን አምሮቱ ነው። ዝናብ ግድግዳውን ነካ ሲያደርገው የሚወጣው ሽታ ምራቋን ያመጣው ጀመር፤ ከዚያ ጣቷ ሄደ፤ ከጣቷ ቀጥሎ ምላሷ።

ፊቷም ሞላ። ሰዉ ሁሉ «ተመቸሽ» ይላት ያዘ፤ እሷም ተመችቶኝ ይሆናል ብላ ነበር። እብጠት መሆኑን ያወቀችው ባለፈው ቀጠሮዋ፣ ነርሷ ሲስተር ምሕረት እግሯን በአውራ ጣት ጫን አድርጋ ስታሳያት ነው። የጣቷ ምልክት እዚያው ጎድጉዶ ቀረ። ምሕረት የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ገልጣ አየች፣ መዳፏን ከራሷ መዳፍ ጎን አድርጋ አየች፣ ደሟን አስመረመረች።

«ደምሽ አልቋል፣ እህቴ» አለቻት። «ይሄ የምትውጪው እንክብል ሦስት መድኃኒት ነው ያለበት። አንዱ አንዳንድ ሰው ላይ ደም ያሳንሳል፤ አንቺ ላይ ጨክኗል። ሐኪሙ በሌላ ይቀይርልሻል። ብቻ በራስሽ እንዳታቆሚ። አሁኑኑ ተኚ፣ ደም ይሰጥሽ።»

«የማን ደም?»

«ቤተሰብሽን አምጪያ። ወንድም፣ እህት፣ ጎረቤት። አንድ ሰው በምትኩ ይሰጣል።» ከዚያ እንደ ዋዛ «አፈር ያምርሻል እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ኧረ እኔ» አለች በላይነሽ።

ሰው ይዤ ልምጣ ብላ ወጣች፤ በዚያው ቀረች። ማንን ትያዝ? ግራና ከተማ ወንድም አላት። ወንድሟን ስትጠራ ግን ሚስቱ አብራ ትመጣለች፤ ከሚስቱ ጋር ደግሞ የግራና ገበያ በሙሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተረት አለ። ተረቱን የሚተርተው ግን ሁልጊዜ ጤነኛ ሰው ነው።

እንግዲህ በላይነሽ ጓሏን እንደያዘች ይሄን ሁሉ አሰበችና አንዱን ነውር ከሌላው ነውር መዘነች። ባል የሌላት ሴት ብታረግዝ ሰፈሩ ያወራል፤ ሲያወራ ግን እየሳቀ ነው። ያኛውን ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ድምፅ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው።

«ሦስተኛ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«ማሻአላህ» አሉ እትዬ ከድጃ፣ ለራሳቸው እንደተነገራቸው ሁሉ ደስ ብሏቸው። «ማነው ታዲያ?»

«እሱን እንኳ ይተዉኝ።»

«ተውኩሽ። ወላሂ፣ ምስጢሩም ከእኔ አይወጣም።»

እውነትም ከእሳቸው አልወጣም፤ ተካፈሉት እንጂ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ አንዷ የሰፈር ሴት ተልባ ወቅጣ ላከች። ሌላዋ፣ በላይነሽ ሳፋ ልታነሳ ስትል፣ ምንም ሳትናገር ከእጇ ነጥቃ ተሸከመችላት። ሦስተኛዋ ደግሞ «ቢሆንም ሰው ነሽ» አለቻት። ይሄኛው ምርቃት ይሁን ስድብ በላይነሽ እስካሁንም አልለየችውም። የሚገርመው ግን ደግነቱ አይደለም። በሽተኛ ሆና ሳፋዋን ብቻዋን ስትጎትት የከረመች ሴት፣ እርጉዝ ናት ሲባል እጅ በእጅ ተቀባበሏት። ከሌለው ልጅ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ማረፍ ጀመረች።

ጥላው ግን አባት ያስፈልገው ነበር። እትዬ ከድጃም ነገር ጀምረው የሚተዉ ሰው ስላልሆኑ ፍለጋ ወጡ።

ሩቅ አልሄዱም። ከበላይነሽ ብርቱካን ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ይርጋ ጎሚስታው ጎማ ይጠግናል። አርባን ያለፈ፣ ያላገባ፣ ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ሚስማር ከጎማ እየተነቀለ የሆነ ሰው ነው። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ እጁን በላምባ ይታጠባል፣ ይሻገራል፣ ብርቱካን ይገዛል፣ እዚያው ቆሞ ይልጣል፣ ይበላል፣ ይመለሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። አንድ ቀን «ዛሬ ይጣፍጣል» ብሏታል፤ ሰፈሩ እሱን እንደ ሽምግልና ቆጥሮታል።

በላይነሽ ከሳጥኗ ኋላ ሆና ሁሉንም አየች። እትዬ ከድጃ ይርጋ አናት ላይ ቆመው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። እሱ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ከካለመነዳሪው፣ የሚፈልቀውን አረፋ ሊያይ ሳፋው ውኃ ውስጥ እንደነከረው እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አስፋልቱን አሻግሮ አያት። ረጅም እይታ። ከዚያ አንድ ነገር፣ አጭር ነገር፣ ተናገረና ወደ ሥራው አቀረቀረ። እትዬ ከድጃ ድል እንዳደረገ ሰው ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

እኩለ ቀን ላይ ይርጋ ተሻገረ። በዚህ ቀን በእጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«ጉበት ነው» አለና ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው።

«ጉበት የምን?»

«የበግ። እትዬ ከድጃ ናቸው ግዛላት ያሉኝ። እሳቸው ያረዱትን አንቺ አትበዪ፤ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ሊገዙልሽ ደግሞ እጃቸው እንቢ አላቸው። ‹አንተ ሂድ፣ ወጉም ያንተ ነው› አሉኝ።»

የበላይነሽ ጆሮ ውስጥ ያለው ፌንጣ ጮኸ። «ሌላስ ምን አሉህ?»

«ልጁ ያንተ ነው ወይ አሉኝ።»

«አንተስ?»

«አዎ አልኳቸው።»

ብርቱካን መርጦ መላጥ ጀመረ። ልጣጩን ሳይበጥስ ዞሮ ዞሮ ነው የሚልጠው፤ ዛሬ ግን መሐል ላይ ተቆረጠበት።

«ለምን እንዲያ አልክ?» አለችው፣ ድምፅዋ ራቀባት።

«አይደለሁም ብላቸው ሌላ ሰው ሊፈልጉ ነው» አለ። «ሰፈሩ ደግሞ ሰው አያጣም።»

ልትነግረው ነበር። ወደ ከንፈሯ መጥቶ ነበር። ከደሴ በኩል የመጣ አውቶቡስ አቧራውን አስነስቶ ቆመና መስኮቶቹ ሁሉ እጅ ሆኑ። ቅርጫቷን አነሳች። ዞር ስትል ይርጋ አስፋልቱን ተሻግሮ ነበር። «ነገ እነግረዋለሁ» አለች በልቧ። ጉበቱን ማታ ጠብሳ በላች፤ ነውሩን ትተን እውነቱን ብንናገር፣ ጣፍጧት በላች። በማግሥቱም አልነገረችውም፤ በሠልስቱም። እሱም ደግሞ አልጠየቃትም። እኩለ ቀን ላይ ይመጣል፣ ብርቱካኑን ይበላል፣ ሲሄድ ከባዱን ሳጥን ከፀሐይ ወደ ጥላ ይጎትትላታል። እንዲህ እያለ ሳምንት ሆነ።

ጉበትና ተልባ ግን የጨከነን መድኃኒት አይችሉትም። አንድ ረፋድ ላይ በላይነሽ ቅርጫት አንስታ ወደ አውቶቡስ መስኮት ስትዘረጋ መንገዱ ከሥሯ ሸሸ። ብርቱካኑ አስፋልት ላይ ተንከባለለ። ከተሳፋሪው ለቅመው ከፍለው የሄዱ አሉ፤ ለቅመው ብቻ የሄዱም አሉ። ስትነቃ ራሷ እትዬ ከድጃ ጭን ላይ ነው፣ ፊቷ በውኃ ርሷል።

«ተነሺ። ወልድያ ነው» አሉ እትዬ ከድጃ።

«ቤቴ ልተኛበት…»

«ቤትሽን ግድግዳውን ጨርሰሽዋል፣ ምን ላይ ትደገፊያለሽ? ተነሺ፣ ልጄ።»

ይርጋን ፈለጉ፤ ውርጌሳ ላይ የጭነት መኪና ጎማ ፈንድቶ ጠርተውት ማለዳ ሄዷል። ሚኒባስ ቆመላቸው። እትዬ ከድጃ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጠው እስከ ወልድያ ድረስ መኪናውን እሳቸው ነዱት ማለት ይቻላል። «ቀስ በል፣ ሁለት ነፍስ ነው የጫንከው። ሲሪንቃ ላይ ያለችውን ጉድባ በዳር እለፍ። ያረቢ፣ ይሄ ልጅ መንጃ ፈቃዱን ገበያ ነው እንዴ የገዛው?» በላይነሽ መስኮቱን ተደግፋ፣ «ሁለት ነፍስ» በተባለ ቁጥር ያለቻትን አንዷን ነፍስ ወደ ውስጥ ትስባለች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሲስተር ምሕረት አየቻት። ዓይኗ «የት ነበርሽ?» አለ፤ አፏ ግን ምንም። አብረዋት የመጡትን አዛውንት አየችና ዝም ብላ አልጋ አዘጋጀች።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አሉ እትዬ ከድጃ።

«እኔ የማላውቀው ሰው የለም፣ እማማ» አለች ምሕረት።

«እንግዲያስ ጥሩ። ጽንሱን እይልኝ እስኪ።»

ምሕረት ወደ በላይነሽ ዞረች። በላይነሽ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ነው፣ የሚበላ አይደለም። ምሕረትም «ስለ እሷ እሷው ትንገርዎ። እኔ አሁን የሚያሳስበኝ ደሟ ነው» አለች። ሐኪሙ መጣ፣ ዓይኗን አየ፣ ልቧን አዳመጠ፣ መድኃኒቷ ከዛሬ ጀምሮ እንዲቀየር ጻፈ። ለእሷ የሚስማማ አንድ ከረጢት ደም አለ አሉ፤ እሱ ግን ምጥ ለያዛቸው ሴቶች የተቀመጠ ነው። አንድ ሰው በምትኩ ከሰጠ ይወጣላታል። ልቧ ደክሟል፣ እስከ ነገ ባይባል ይሻላል አሉ።

እትዬ ከድጃ እጅጌያቸውን እስከ ብብታቸው ሰበሰቡት። «ቅጂ። ግን ልጠይቅሽ፣ ሥጋዬን አትበላም፣ ደሜንስ ትቀበለኛለች? ደም ላይ እስላም ክርስቲያን አለ?»

«ደም ላይ ያለው ኤ፣ ቢ እና ኦ ነው» አለች ምሕረት።

ጣታቸውን ወግታ ጠብታ ወስዳ ሄደች። ስትመለስ ፈገግታዋን ለመዋጥ እየታገለች ነው። «እማማ፣ ዕድሜዎም ለመስጠት አልፏል፣ ደምዎም ትንሽ ያንሳል። እርስዎም የሚውጡት ክኒን ይታዘዝልዎታል።»

እትዬ ከድጃ እንደዚያ ተሰድበው አያውቁም። ክንዳቸውን አንድ ጊዜ አዩት፣ እጅጌውን አወረዱ፣ ከጉያቸው ልጃቸው ሁሪያ ከጂዳ የላከችላቸውን ሞባይል አወጡ። በሞባይል ሲያወሩ ጂዳ ድረስ በባዶ አየር ለማሰማት ስለሚጮሁ ክፍሉ በሙሉ ሰማ። «ይርጋ? የትም ብትሆን ጎማውን ጣለውና ወልድያ ና። የልጅህ እናት ደም ያስፈልጋታል። አዎ፣ ያንተ ደም። አብሽር፣ አትሞትም፣ ብቻ ና።»

ስልኩ ሲዘጋ በላይነሽ ዓይኗን ጨፈነች። የሌለ ልጅ ይዞ ሰፈር ውስጥ ማረፍ አንድ ነገር ነው። የሌለ ልጅ ይዞ የሰው ደም መጠጣት ሌላ ነው።

«እትዬ ከድጃ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ልጅ የለም።»

«ኢና ሊላህ። ወረደ?»

«አልወረደም። አልነበረም።» ከዚያም ቀሪውን ነገረቻቸው፤ ደሳለኝ በምን እንደሞተ፣ የብርቱካን ዋጋ ምን ማለት እንደነበር፣ እንክብሉን፣ አፈሩን። አጭር ነበር። ስንት ዓመት የተሸከሙት ነገር ሲወርድ ሁለት ደቂቃ እንኳ አለመሙላቱ ገረማት።

እትዬ ከድጃ ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወጡ። በላይነሽ የበሩን መዝጊያ እያየች ተኛች። ሄዱ አለች በልቧ። ወደ መርሳ ተሳፍረው፣ በሚኒባስ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው… ድምፃቸው ዝቅ ሲል እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ ሞከረች፣ አልመጣላትም። ሰምታው አታውቅም።

ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ፊታቸውና ክንዳቸው እርጥብ ነው።

«ሄዱ ብዬ ነበር» አለች በላይነሽ።

«ዙሁር አለፈኝ፣ ልስገድ ብዬ ነው። ውኃው የት እንዳለ የሚያሳይ ሰው ጠፍቶ ነው የዘገየሁት።» አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እጃቸው የበላይነሽን ቁርጭምጭሚት በብርድ ልብሱ ላይ ያዘ። ትንሽ ቆይተው «አፈሩ ታዲያ ከደም ማነስ ነው የምትዪኝ?» አሉ።

«እንዲያ ይላሉ።»

«ሰባቱንም ጊዜ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባልዬው ደግሞ ‹የሴት ምኞት ነው› እያለ ግድግዳ ያስመርጋል። ጉበት ቢገዛልኝ ይረክስ ነበር።» በላይነሽ ሳቀች፤ ሳቁ ትንፋሿን ጨረሰውና ተኛች። እትዬ ከድጃ ግን ሳቁን አልተከተሉም። ጎንበስ አሉ።

«ስሚኝማ። ለይርጋ እኔ አልነግረውም፤ ለዚህ የሚሆን ምላስ የለኝም።» ሰፈሩ ይሄን ቢሰማ ባላመነ። «አንቺም አሁን አትንገሪው። ይምጣ፣ ይስጥ፣ ደሙ አንቺ ውስጥ ይግባ፣ ከዚያ ትነግሪዋለሽ። ከወጣ ወዲያ ደም ተመለስ አይባል።»

«ጥሎኝ ቢሄድስ ብለው ነው።»

«ወንድ ነው። ቢሄድም አልፈርድበትም። ሳይሰጥ ቢሄድ ግን አንቺን ነው የምንቀብር። መጀመሪያ ኑሪ፣ ከዚያ እውነቱን ተናገሪ። አላህም ለታመመ ሰው ያቀልለታል።»

ምክሩ መጥፎ አልነበረም። በላይነሽም አሰበችበት፤ ደረቷ ላይ የሚደልቀው ልቧ «እሺ በያቸው» ይላታል። ግን «ከዚያ እነግረዋለሁ» የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። ደሳለኝ በሽታውን እሷ ከማወቋ ከዓመት በፊት ያውቅ ነበር። ረዳቱ ነው ከቀብሩ በኋላ የነገራት፤ «ዛሬ ነገ እነግራታለሁ እያለ ነበር» ብሎ፣ ለሟቹ መልካም የተናገረለት መስሎት። ደሳለኝ ክፉ ሰው አልነበረም። ይወዳት ነበር። በየጉዞው ስኳርና ሳሙና ያመጣላት ነበር። «ከዚያ» የምትለዋ ግን ከእጁ ወደቀችና እሷ ላይ ደረሰች።

ከሰዓት ዘግይቶ የይርጋ ድምፅ ከኮሪደሩ ተሰማ። ምሕረት ትጠይቀዋለች፤ ታሞ ያውቅ እንደሆነ፣ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ፣ ምግብ በልቶ እንደሆነ። «የምትሰጠው ደም ይመረመራል፣ እወቀው» አለችው።

«ይመርመር» አለ ይርጋ። «እኔስ ካለመነዳሪ ሳላይ አየር እሞላለሁ?»

ከዚያ በሩ ላይ ቆመ። የቱታው ጉልበት የውርጌሳ ጭቃ ይዟል፤ ጥፍሩ ሥር የጎማ ጥቁረት አለ። የግራ እጅጌው ከወዲሁ ተጠቅልሏል። ለእትዬ ከድጃ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። እሳቸው ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ። በላይነሽን ዓይን ለዓይን አይተው ራሳቸውን በቀስታ ወዘወዙ፤ «ተዪ» ማለታቸው ነው። ከዚያ «ሚኒባስ እንዳያመልጠን ልጠይቅ» ብለው፣ ማንም ያልጠየቃቸውን ሚኒባስ ሊጠይቁ ወጡ።

«እንዴት ነሽ?» አለ ይርጋ።

«አለሁ።»

«ልስጥና እመጣለሁ። እዚያ ማዶ ነው አሉኝ።» ዞረ።

«ይርጋ።» ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ቆመ ግን። «ቁጭ በል። ሳትሰጥ ስማኝ።»

አልተቀመጠም። የአልጋውን ብረት ያዘ።

«ልጅ የለም» አለችው። «ያንተም የሌላ ሰውም አይደለም፤ ምንም የለም። አፈር ስበላ አዩኝና ያሉትን ዝም አልኩ። ደም ያነሰኝ በመድኃኒት ነው። መድኃኒቱ የኤች አይ ቪ ነው። ደሳለኝ ከሞተ ወዲህ አለብኝ፣ ከዚያም በፊት። አሁን ልሂድ ብትለኝ… ብትሄድም አልቀየምህም። ደሙን ለእርጉዝ ሴት ብለህ እንዳትሰጥ ብዬ ነው።»

ከአጠገቧ ያለችው በሽተኛ፣ ስታቃስት የዋለችው ሴት፣ ማቃሰቷን አቆመች፤ ሰው ናትና ቀሪውን መስማት ፈለገች። ይርጋ የአልጋውን ብረት በአውራ ጣቱ ፈገፈገ፣ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ፣ ቀዳዳ እንደሚፈልግ ሰው። ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ልታነብ ሞከረች። ዓይኗ ደከመባት።

ምሕረት በበሩ ብቅ አለች። «ዝግጁ ነህ?»

ይርጋ የተጠቀለለው እጅጌው ወርዶ ኖሮ እንደገና ወደ ላይ ሰበሰበው፤ ይሄን ያህል ጊዜ የሚፈጅ ሥራ አልነበረም።

«እኔ እኮ» አለ፣ ለበላይነሽ ይሁን ለብረቱ እንጃ፣ «ሳምንቱን ሙሉ የሌላ ሰው ልጅ ላሳድግ ራሴን ስለማመጥ ነው የከረምኩት። ይሄኛውን ደግሞ እስኪ ደሙ እየተቀዳ ላስብበት።»